ከገና በኋላ ፎረስት ኦፍ ዲን ልትሄዱ ላሰባችሁ

እህት ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት፣ "ከብሪስቶል ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጆች ይዘን ፎረስት ኦፍ ዲን ልንሄድ ነው፣ የድሮዎቹ የከሰል ጉድጓዶች አያሰጉም ወይ" ነው ያልሽው። ፎረስት ኦፍ ዲን እንግሊዝ ውስጥ ድሮ ከሰል ይወጣበት የነበረ ጫካ ነው፣ እኔ እዛ ዊንተር ላይ ከጓደኞቼ ጋር መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሂዱ፣ በጋ ላይ ቅጠሉ የሚሸፍነው ነገር ሁሉ በዚህ ጊዜ ነው የሚታየው።

መንገዱን በተመለከተ ካኖፕ ፖንድስ የሚባሉት ኩሬዎች ጋ መኪናችሁን አቁሙና የቢክስስሌድን ሸለቆ ሽቅብ ውጡ። በየቦታው መሬት ላይ ቀዳዳ ያላቸው ካሬ ድንጋዮች ታያላችሁ፣ ድሮ በፈረስ የሚጎተተው ጋሪ ሐዲድ ያረፈባቸው ናቸው። ከፍ ስትሉ የዩኒየን ፒት (የድሮ የከሰል ጉድጓድ ነው) መታሰቢያ አለ። እዛጋ ልጆቹን ሰብስቡና ንገሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከአጠገብ ካለ የተተወ ጉድጓድ የተጠራቀመ ውሃ ሰብሮ ገብቶ 4 ሰው ሞተ፣ 3ቱ ደግሞ እዛው መውጫ አጥተው ከ5 ቀን በኋላ በሕይወት ወጡ። አሥር ጊዜ "አትጠጋ" ከማለት ይሄ ይሻላል።

ስለ ጉድጓዶቹ ሰው የሚፈራው ናዳውን ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግን አየሩ ነው። በተተወ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ያነሰው አየር ይጠራቀማል፣ አይሸትም አይታይም፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ወደ አፉ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት ሁለት እርምጃ እንኳን እንዳትገቡ፣ ከአጥሩም እንዳታልፉ። ቅጠል የተከመረበት ጎድጓዳ ቦታ ካያችሁም ዞራችሁ እለፉት፣ ከመንገዱ አትውጡ በቃ።

ሌላው ሰዓት ነው። ጃንዋሪ ላይ ፀሐይ የምትገባው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ትንሽ ቆይታ ነው (በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው)፣ ጫካው ውስጥ ግን ከዛም ቀደም ብሎ ይጨልማል፣ እና የሐበሻ ቀጠሮ ይዛችሁ 6 ሰዓት ላይ ልትጀምሩ ከሆነ ባትመጡ ይሻላል 😅 በጠዋት ጀምሩ፣ የግንባር ባትሪ ያዙ፣ ጂንስ አትልበሱ፣ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። መንገድ ዳር ሳሩ የታረሰ መስሎ ከተገለባበጠ የዱር አሳማ ነው፣ በአብዛኛው ሰው ሲሰማ ይሸሻል፣ ውሻ ካላችሁ ግን እሰሩት። ገና ስላለፈ ጾም የለም፣ ቢሆንም ቆሎ፣ ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይበቃል፣ ክትፎውን ማታ ቤት።

ልጆቹ መሬት ስር ካልገባን ካሉ ሆፕዌል ወይም ክሊርዌል ኬቭስ (ሰው የሚጎበኛቸው ማዕድን ማውጫዎች ናቸው) ውሰዷቸው፣ ሄልሜት አድርገው በሥርዓት ይገባሉ። እዛ ሰፈር ተወልዶ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ማዕድን ውስጥ የሠራ ሰው "ፍሪማይነር" ሆኖ ተመዝግቦ የራሱን ጉድጓድ መቆፈር ይችላል፣ እ.ኤ.አ. በ1838 የወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራል፣ ስለሱ ጠይቁ ደስ ይላቸዋል። ዊንተር ላይ ሁሌ ስለማይከፍቱ ግን ቀድማችሁ ደውሉ።