መልስ፦ የ1743ቱ የበርን የጋብቻ መዝገብ

እህቴ፣ በስዊዘርላንድ በርን ስለተጻፈው የባለቤትሽ ቅድመ አያቶች የጋብቻ መዝገብ አነባበብ ለጠየቅሽው፦ በላዩ ያለው «9በር» ዘጠነኛው ወር አይደለም። ኖቬምበር ነው፤ በላቲን ኖቬም ዘጠኝ ማለት ስለሆነ እንዲህ ያሳጥሩታል። 7በር ደግሞ ሴፕቴምበር ነው።

ከሙሽራው ስም ጋር ያለው «ፎን ላንግናው» (በጀርመንኛ «የላንግናው»፤ ላንግናው የቦታ ስም ነው) የሚለው ግን ብዙ ሰው ይሸውዳል፣ እኔንም ሸውዶኛል። ሙሽራው እዚያ ተወለደ ማለት አይደለም። ስዊሶች ሃይማትኦርት የሚሉት የዜግነት ቦታው ነው። በዚያ ዘመን ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር፤ ቤተሰቡ ከቦታው ከወጣ መቶ ዓመት ቢያልፈውም በመውጣቱ ብቻ አይቀየርም ነበር። ስለዚህ ልደቱን ላንግናው ብቻ አትፈልጊ፤ የተጋቡበትን ደብርና የአጎራባቾቹንም የጥምቀት መዝገብ እዪ።

ከአባቱ ስም በፊት ያለው «ቫይላንድ» ስም እንዳይመስልሽ። «ሟቹ» ማለት ነው። አባትየው ከሠርጉ በፊት ሞቷልና ቀብሩን ከ1743 ወደ ኋላ ፈልጊ።