ጅዳን ላያት ለምትሉ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ጅዳ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከተማዋን ያየኋት ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ባላድ፣ አሮጌው ከተማ፣ የምሄደው ብርድ ልብስና ሻንጣ ልገዛ ነበር። ቀና ብዬ ሕንፃውን አይቼ አላውቅም። አሁን ሰው «እዚያ ደሞ ምን የሚታይ አለ?» ሲለኝ ትንሽ ያናድደኛል። ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁ።

ጥያቄ፦ ለትራንዚት አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። የት ልሂድ?

ባላድ ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጠዋት አትሂጂ። ብዙ ሱቅ ዝግ ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግቢ (ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ግራ አትጋቢ)። በባብ መካ (የመካ በር) በኩል ገብተሽ የሱቅ አል አለዊን መንገድ ያዢና ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ውረጂ። ድሮ ሐጃጁ በመርከብ መጥቶ ወደ መካ የሚወጣው በዚሁ መስመር ነበር፤ አንቺ በተቃራኒው ትሄጃለሽ። እንደ መርካቶ ነው፣ መጥፋትሽ አይቀርም። ጥፊ፣ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ በፎቶ የማያቸው ረጃጅም ቤቶች ከምን ነው የተሠሩት? እንጨት ይመስላሉ።

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ግድግዳው ከባሕር የወጣ ነው። ከቀይ ባሕር ዳርቻ የኮራል ድንጋይ ይቆርጡና ይደረድሩታል፤ በየመሀሉ አግዳሚ እንጨት ያስገባሉ። እንጨቱ ክብደቱን ያከፋፍላል፣ ቤቱ ሲሰምጥም እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ጠጋ ብለህ ብታይ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ የኮራሉ ቅርጽ እስካሁን ይታያል።

አንተን እንጨት የመሰለህ ፊት ለፊት የተለጠፈው ሩሻን ነው። ከግድግዳው ወጣ ያለ፣ ተፈልፍሎ የተሠራ ትልቅ መስኮት ነው። እንጨቱ ቲክ ሲሆን ከሕንድና ከጃቫ በመርከብ ይመጣ ነበር። ሥራው ለጌጥ ብቻ አይደለም። የባሕሩን ነፋስ ይስባል፣ ፀሐይን ይከለክላል፣ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳይታዩ ውጪውን ያያሉ። ከኤሲ በፊት ሰው እዚያ ሙቀት ውስጥ እንዴት ኖረ ስል ነበር። መልሱ ይኸው ነው።

ለምን ብዙዎቹ ፈራረሱ? ጨው ይበላቸዋል። ሌላው ደግሞ ገንዘብ ነው። በነዳጁ ዘመን ሀብታሞቹ ባለቤቶች ወደ ሰሜን አዳዲስ ሰፈሮች ሄዱና ቤቱን ለስደተኛ ሠራተኛ አከራዩት። የእኛም ሰው ኖሮበታል። ለጥገና የሚያወጣ ግን አልነበረም። አሁን መንግሥት በሰፊው እያደሰ ነው። ከ600 በላይ ታሪካዊ ቤቶች አሉ፤ ሆቴል የሆኑም አሉባቸው፣ ዋጋቸውን አትጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ አንድ ቤት ብቻ ግቢ ብትባይ?

ቤይት ናሲፍ። የአንድ ታላቅ ነጋዴ ቤት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ገደማ ያለቀ። ደረጃው ሰፊና ቀለል ያለ ነው፤ ግመል ጭነቱን ይዞ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣበት ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 መጨረሻ ጅዳ እጇን ስትሰጥ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ያረፉት እዚህ ነው። ደጁ ላይ አንድ የኒም ዛፍ አለ። በአንድ ወቅት በከተማዋ የነበረ ብቸኛ ዛፍ ነው ስለሚባል ሰው ቤቱን «ዛፉ ያለበት» ይለው ነበር። ጅዳ ውስጥ ውሃ ምን ያህል ብርቅ እንደነበር ከዚህ መገመት ነው።

ጥያቄ፦ የሔዋን መቃብር ጅዳ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አፈ ታሪክ ነው። ጅዳ የሚለውን ስም «አያት» ከሚለው የዓረብኛ ቃል ጋር የሚያገናኙት ከዚህ ተነስተው ነው፤ ሌሎች «የባሕር ዳርቻ» ማለት ነው ይላሉ። «የእናታችን ሐዋ መቃብር» የሚባል ቦታ አለ። በላዩ የነበረው ግንባታ ግን እ.ኤ.አ. በ1928 ፈርሷል። አሁን ግንብ ያለው ተራ የመቃብር ስፍራ ነው። ለዚህ ብለህ ታክሲ አትያዝ።

ጥያቄ፦ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ ግን ከጅዳ ትንሽ ወጣ ይላል። ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር ሹዐይባ የሚባል ቦታ አለ። የመካ የድሮ ወደብ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ መርከብ የተሳፈሩት ከዚያ እንደሆነ ይተረካል። ነጃሺ የተቀበላቸው እነዚያን ነው። ኸሊፋው ዑስማን እ.ኤ.አ. በ647 ወደቡን ወደ ጅዳ ያዛወሩት ከዚያ በኋላ ነው። ማለትም ጅዳ የመካ ወደብ ሳትሆን በፊት የሐበሻ መንገድ ተከፍቶ ነበር።

ሹዐይባ ሄጄ ነበር። ሐውልት ምናምን አትጠብቁ። ትልቅ የኃይል ማመንጫና የባሕር ውሃ ማጣሪያ አለ፣ ከዚያ ባዶ ዳርቻ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ወዲያ ማዶ እያየሁ ሻይ ጠጣሁ። እነሱ ከዚህ ወደ እኛ በመርከብ ሸሹ። እኛ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ። ለእኔ ከባላድ ያልተናነሰ ቦታ ነው፣ ለልጆች ግን ይሰለቻል።

ጥያቄ፦ ክርስቲያን ነኝ። የምከለከለው ቦታ አለ?

መካ ከተማ መግባት አይቻልም። ጅዳና ጣኢፍ ችግር የለም። ወደ ጣኢፍ ስትሄድ ብቻ ምልክቱን አስተውል፤ መካን ዞሮ የሚያልፍ ለሙስሊም ላልሆነ የተለየ መንገድ አለ። ሹፌሩ አቋራጭ ልውሰድህ ካለ እምቢ በል።

ጥያቄ፦ እናቴን ለዑምራ ይዤ እመጣለሁ፣ እግራቸውን ያማቸዋል። ጅዳን ማሳየት ይከብድ ይሆን?

ባላድ ለእግር ይከብዳል፤ ድንጋይና ደረጃ ነው። ለእናታችን ኮርኒሽ (የባሕር ዳር መንገዱ) ይሻላል። አመሻሽ ላይ በባሕሩ ዳር ቁጭ ብለው የንጉሥ ፋህድን ፏፏቴ ይዩ። የባሕር ውሃ ነው ወደ ላይ የሚተፋው፣ ከ260 ሜትር በላይ። ባሕሩ ላይ የተሠራውን የራህማ መስጊድም ይወዱታል። ወደ መካ በፈጣኑ ባቡር ውሰዳቸው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማውም ይነሳል፣ ከመኪና ይልቅ ለወገብ ይቀላል።

በነገራችን ላይ ኮርኒሹ ላይ የቆሙትን ቅርጻ ቅርጾች ዝም ብለህ አትለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነበሩት ከንቲባ ከዓለም ታላላቅ ቀራፂዎች ያሰባሰቧቸው ናቸው፤ የሄንሪ ሙርና የሚሮ ሥራዎች አሉባቸው። እኔ ዓመታት ሙሉ ተደግፌባቸው ስልክ አወራ ነበር።

ጥያቄ፦ ከከተማ ወጥቼ አንድ ቀን ልዋል ብል?

ጣኢፍ፣ ያለ ጥርጥር። ከጅዳ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው። በሀዳ በኩል መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወጣል። ጣርማ በር ትዝ ይላችኋል። ጫፉ ላይ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ይጠብቁሃል፤ አዋሽ ከምናየው ከዚያ ጎፈር ካለው ዓይነት ናቸው። ምግብ አትስጧቸው፣ መስኮትም ዝጉ። የጓደኛዬን ሙሉ ዳቦ ከእጇ ነጥቀዋታል።

ጣኢፍ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ የአገር ቤት አየር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ጽጌረዳው ይለቀማል። ንጋት ላይ ፀሐይ ሳይጠነክር ቀጥፈው እዚያው አፍልተው ሽቶ ያወጡታል። ጊዜው ከገጠመልህ አዳር ያዝና በማለዳ ተነስ።

ጊዜና ጥሩ መኪና ያለው ደግሞ ከጣኢፍ አልፎ ዋሕባ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ይይ። ስፋቱ 2 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 250 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሥሩ ነጭ ጨው። ለአንድ ቀን ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ብመጣስ?

አትምጪ። ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ይቻላል፣ ወበቁ ነው የሚገድለው። ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። አባያ ግዴታ ነው?

ለጎብኚ ግዴታ አይደለም፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይበቃል። እኔ ባላድ ስሄድ ልምዱ ስላለኝ እለብሳለሁ፣ አቧራውም አለ። ሰው ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ፣ በተለይ ሴቶችን።

ጥያቄ፦ ምን ልብላ? ምንስ ይዤ ልመለስ?

ዓሣ በሩዝ፣ ሰያዲያ ይሉታል። መንገድ ላይ ሙተበቅ ብላ፤ ስስ ሊጥ ውስጥ ሥጋና እንቁላል ተጠቅልሎ የሚጠበስ ነው። አልባይክን ሁሉም ይነግርሃል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚያው ጅዳ የተጀመረ የዶሮ ቤት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምርልኝ በል።

ለመግዛት፦ ከጣኢፍ የጽጌረዳ ውሃ፣ ከባላድ ዕጣን ማጨሻና ቅመም። የመጀመሪያውን ዋጋ እየሳቅክ ግማሽ በል፣ ከዚያ ሂድ። ይጠሩሃል። ብርድ ልብስ ግን ተው፣ ኪሎ ይበላብሃል፤ እኔ ለአንድ ብርድ ልብስ ትርፍ ኪሎ የከፈልኩት ሌላ ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር።