ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ አሰልጣኞች ጠይቁኝ

ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። የአሜሪካ ፉትቦልን የተማርኩት ከመኪናዬ ሬዲዮና ከተሳፋሪ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚሳፈረው ሰው ፊቱ ከጠቆረ የእሁዱን ውጤት መጠየቅ አያስፈልግም። ስለ ቡድኑ ዋና አሰልጣኞች ጠይቁኝ ብዬ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጋሼ፣ እኔ የማውቀው የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። እዚህ ዋና አሰልጣኝ የሚባለው ምን ይሠራል?

የእኛው ኳስ አንዴ ከተጀመረ አሰልጣኙ ዳር ቆሞ ይጮኻል፣ ተጫዋች ይቀይራል፣ አለቀ። ይሄ ጨዋታ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ይቆማል። በቆመ ቁጥር የሚቀጥለው እንቅስቃሴ ከዳር ታዝዞ ለኳርተርባኩ፣ ሜዳ ላይ ማጥቃቱን ለሚመራው ተጫዋች፣ በሄልሜቱ ውስጥ ባለች ድምፅ ማጉያ ይነገረዋል። ለማጥቃቱ አንድ አሰልጣኝ፣ ለመከላከሉ ሌላ አለ። ዋናው የሁሉም አለቃ ነው። አንዳንዱ የማጥቃቱን ትዕዛዝ ራሱ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ለምክትሉ ይተወዋል።

የመጀመሪያው አሰልጣኝ ማን ነበር?

ለድ ሬይ፣ በ1932። ያኔ ቡድኑ ቦስተን ነበር። ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ1937 በሬይ ፍላኸርቲ ጊዜ ነው። እሱም በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሳ፣ በ1942 ደገመው።

የሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ዋንጫ የተሰየመበት ሎምባርዲ እዚህ አሰልጥኖ ያውቃል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን አንድ ዓመት ብቻ። ቪንስ ሎምባርዲ በ1969 መጥቶ 7 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ 2 አቻ ወጣ። ለቡድኑ ከ1955 ወዲህ ከሽንፈቱ ድሉ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። በ1970 መስከረም ላይ በካንሰር ሞተ። በ1971 የመጣው ጆርጅ አለን ደግሞ ለወጣት ትዕግሥት አልነበረውም። ከኮሌጅ ወጣቶችን በየዓመቱ የመምረጥ መብቱን እየሸጠ አንጋፋ ተጫዋች ይሰበስባል። አንዱን መብት ለሁለት ቡድን ሸጦ ተቀጥቷል! ሱፐር ቦውል ደርሶ በሚያሚ 14 ለ 7 ተሸነፈ።

ከሁሉም ምርጡ ማን ነው?

ጆ ጂብስ። ክርክር የለውም። በ1981 ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን 5 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ዛሬ ቢሆን ሻንጣውን በር ላይ ያስቀምጡለት ነበር። ታገሡት፣ ዓመቱን በ8 ድልና በ8 ሽንፈት ጨረሰ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውልን አሸነፈ።

ያንን ጨዋታ እስቲ ፈልጋችሁ እዩት። ሚያሚ 17 ለ 13 ይመራል። አራተኛ ሙከራ ነው፣ የቀረው 1 ያርድ። ካልተሳካ ኳሷ ለሚያሚ ናት። ብዙ አሰልጣኝ ኳሷን ወደ ሩቅ አስለግቶ ይገላገላት ነበር። ጂብስ ለጆን ሪጊንስ ስጡት አለ። ግዙፉ ሪጊንስ የያዘውን ተከላካይ አራግፎ 43 ያርድ ሮጠ። ጨዋታው 27 ለ 17 አለቀ።

በ1987 ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ሊጉ በተተኪዎች 3 ጨዋታ አካሄደ። ጂብስ ማንም የማያውቃቸውን ልጆች ይዞ ሦስቱንም አሸነፈ። ዋናዎቹ ተመልሰው በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል ደረሱ። ዴንቨር 10 ለ 0 ሲመራቸው ቆይቶ በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠሩ። 42 ለ 10! ዳግ ዊልያምስ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ሦስተኛው ዋንጫ በ1992 ጥር መጣ። ሦስቱንም በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው ያመጣቸው፤ ከእሱ በቀር ይህን ያደረገ አሰልጣኝ የለም። ሰውየው የጨዋታ ፊልም ሲያይ ቢሮው ውስጥ ነበር የሚያድረው።

ከዚያ በኋላ ለምን አሰልጣኝ አልበረክት አላቸው?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥፋቱ የአሰልጣኞቹ አይደለም። ዳንኤል ስናይደር ቡድኑን በ1999 ገዛ፣ በ2023 ሸጠ። በእነዚያ ዓመታት 8 ዋና አሰልጣኝና 2 ጊዜያዊ ተፈራረቁ። ኖርቭ ተርነር 7 አሸንፎ 6 ተሸንፎ እያለ ተባረረ። ማርቲ ሾተንሃይመር ልክ እንደ ጂብስ በ5 ሽንፈት ጀምሮ 8 ለ 8 ጨረሰ፤ እሱን ግን ለሁለተኛ ዓመት አላቆዩትም። ተጫዋች የመምረጥ ሥልጣን ነበረው፣ ባለቤቱ ሥልጣኑን ፈለገው።

የጂም ዞርን ግን ያሳዝናል፣ ያስቃልም። በ2009 መሃል የማጥቃቱን ትዕዛዝ ነጠቁትና ለሸርም ሉዊስ ሰጡት። ሉዊስ ጡረታ ወጥቶ አረጋውያን ቢንጎ ሲጫወቱ ቁጥር ይጠራ ነበር። ቀልድ አይደለም።

ጂብስ ራሱ ተመልሶ አልነበር? ባይመለስ አይሻልም ነበር ይላል ባለቤቴ።

ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። ከ2004 እስከ 2007 በ30 ድልና በ34 ሽንፈት ነው የጨረሰው። በ2007 ኅዳር ተከላካዩ ሾን ቴይለር ቤቱ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በቀጣዩ ጨዋታ ከቡፋሎ ጋር፣ በመጀመሪያው የመከላከል ተራቸው የሾንን ቦታ ባዶ ትተው በ10 ሰው ተሰለፉ። መጨረሻው ላይ 16 ለ 14 እየመሩ ቡፋሎ ኳሷን ከ51 ያርድ ወደ ግብ ሊመታ ተዘጋጀ። ጂብስ መቺውን ሊያስጨንቅ ታይምአውት ጠራ፣ ጨዋታው ለአፍታ እንዲቆም ማለት ነው። ወዲያው ደገመው። ሁለት በተከታታይ አይፈቀድም፣ 15 ያርድ ቅጣት ነው። ቡፋሎ ከ36 ያርድ መትቶ 17 ለ 16 አሸነፈ። ያ ሁሉ ክብር ያለው ሰው ሕጉን ረሳው። ግን ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ቀጠለ። የቀሩትን 4 ጨዋታዎች አሸንፎ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የጥሎ ማለፍ ዙር፣ ገባ። እኔ በዚህኛው ነው የማስታውሰው።

የአሁኑስ?

ዳን ኩዊን። አትላንታን ሲያሰለጥን ሱፐር ቦውል ላይ 28 ለ 3 እየመራ የተሸነፈው እሱ ነው፤ ስሙን ስሰማ እኔም ፈርቼ ነበር። በ2024 ግን ከጀማሪው ኳርተርባክ ጄደን ዳንኤልስ ጋር 12 ጨዋታ አሸንፎ ሱፐር ቦውል ሊገባ አንድ ጨዋታ ቀረው። ፊላደልፊያ 55 ለ 23 መለሰችው። በ2025 ዳንኤልስ ተጎዳ፣ ቡድኑም ወረደ።

ጂብስ አሁን ምን ይሠራል?

እንደኔው መኪና ላይ ነው። የናስካር እሽቅድምድም ቡድን ባለቤት ነው። የእሱ መኪኖች ግን ቀይ መብራት አይዛቸውም።