መከታተያው ዛሬም ከሻርኩ ጋር ነው?

አንድ አንባቢ በዌል ሻርክ ላይ ስላሰሩት የሳተላይት መከታተያ የሚከተለውን ጽፈውልኛል። «መሣሪያው በ2 ሜትር ገመድ የሚጎተት ተንሳፋፊ ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት በየሁለትና በየሦስት ቀኑ አንድ መገኛ ይደርሰን ነበር፤ አብዛኛውም ‹ቢ› የሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ነበር። ከዚያ ለ22 ቀናት ምንም አልሰማንም። አሁን ግን በየቀኑ ከ10 የማያንሱ መገኛዎች ይደርሱናል፤ ደረጃቸውም 2 እና 3 ነው። መሣሪያው በራሱ ተስተካከለ ወይስ ዓሣው ጠባዩን ለወጠ?»

ክቡር ጠያቂዬ፣ ከገለጹልኝ ተነስቼ ስመዝነው መከታተያው ከዓሣው ተለይቶ ብቻውን እየተንሳፈፈ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ እንድጠረጥር ያደረገኝም የምልክቱ ድንገተኛ መሻሻል ነው።

መሣሪያው የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ስለማያልፍ፣ አንቴናው ከውኃው በላይ ካልወጣ ሳተላይቱ ምንም አይሰማም። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚያገለግለውን፣ የእነዚህን መሣሪያዎች መልእክት በሳተላይት ተቀብሎ መገኛቸውን የሚያሰላውን የአርጎስ ሥርዓት ለረጅም ዘመን የተሸከሙት ሳተላይቶች 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዋልታዎች በኩል የሚዞሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ሳተላይት በአንድ ቦታ ላይ ሲያልፍ ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘው ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መገኛው የሚሰላው ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ የሚሰማው ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ ከማለቱ ስለሆነ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መልእክት መድረስ አለበት። 4 እና ከዚያ በላይ መልእክት ሲደርስ ስሕተቱን መገመት ይቻላል፤ ደረጃ 3 ከ250 ሜትር በታች፣ ደረጃ 2 ከ250 እስከ 500 ሜትር፣ ደረጃ 1 ከ500 እስከ 1,500 ሜትር የሚገመት ስሕተት አላቸው። የደረሱት 3 መልእክቶች ብቻ ሲሆኑ ‹ኤ›፣ 2 ወይም 1 ሲሆኑ ‹ቢ› ይባላል።

ዌል ሻርክ ደግሞ ስሙ ዓሣ ነባሪን ቢያስታውስም በስንጥቡ የሚተነፍስ ዓሣ ነው፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ የመውጣት ግዴታ የለበትም። ተንሳፋፊው ከውኃው በላይ ብቅ የሚለው ዓሣው ከገጹ አጠገብ ሲመገብ ወይም ሲዋኝ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን እየተጎተተ ማዕበል ስለሚያጥበው ተከታታይ መልእክት ለመላክ ይቸገራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት የደረሰዎት የተቆራረጠ መረጃ መሣሪያው በሕያው ዓሣ ላይ ሲሆን የሚጠበቅ ነው። የ22 ቀኑም ዝምታ ብቻውን ብልሽትን አያመለክትም፤ ይህ ዓሣ ከ1,900 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ ተመዝግቧል፣ ለሳምንታትም ከገጹ ርቆ ሊቆይ ይችላል። ከዓሣው የተለየ ተንሳፋፊ ግን አንቴናው ዘወትር ከውኃው በላይ ስለሚሆን፣ አሁን እንደሚደርስዎት ያለ ብዙና ጥሩ መገኛ ይሰጣል።

ግምቴን ለማረጋገጥ በካርታው ላይ ያለውን መስመር ለጊዜው ይተዉትና ጥሬ መልእክቶቹን ይክፈቱ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳስተላለፉ የሚቆጥር ቁጥር ይልካሉ። ከዝምታው በፊት የደረሰውን የመጨረሻ ቁጥር ከዝምታው በኋላ ከመጣው የመጀመሪያ ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። ቁጥሩ ብዙም ካልጨመረ መሣሪያው በእነዚያ ቀናት ከውኃ በታች ነበር፤ በሺዎች ከጨመረ ግን እያስተላለፈ የሰማው አልነበረም ማለት ነውና አንቴናውን ወይም የባትሪውን ኃይል መጠርጠር ይገባል። ቀጥሎ በአሁኑ ጊዜ የቀን ኮታውን፣ ማለትም በቀን እንዲልክ የተወሰነለትን የመልእክት ብዛት፣ በየቀኑ የሚጨርስ መሆኑን ይመልከቱ። ሕያው ዓሣ ይህን ለአንድና ለሁለት ቀን ሊያደርገው ይችላል፤ ለሳምንት ያህል ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ሲያደርገው ግን እኔ አላየሁም። ጥልቀትና ሙቀት የሚለካ ዳሳሽ ካለው ጥልቀቱ ከዜሮ የማይነቃነቅ፣ ሙቀቱም ከፀሐይ ጋር ብቻ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ጉዞውን ከባሕሩ ጅረትና ከነፋሱ ጋር ያስተያዩ። አቅጣጫውም ፍጥነቱም ከሁለቱ ጋር አንድ ከሆነ መሣሪያው ራሱን ለጅረት ሰጥቷል። በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ለሰዓታት ቀጥ ብሎ ወደ ወደብ ካመራ ግን መርከብ ላይ ተጭኗል።

ይህን ማጣራት አጥብቄ የምመክረው በአንድ የተሳሳተ ወር ምክንያት የዓሣው የጉዞ ካርታ በሙሉ ሊዛባ ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በፓናማ ኮይባ ደሴት አካባቢ መሣሪያ የታሰረላትና ‹አን› የሚል ስም የተሰጣት ዌል ሻርክ በ841 ቀናት ውስጥ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ያለው ማሪያና ጥልቅ ገደል አካባቢ ደርሳለች ተብሎ ተዘግቧል። መስመሯ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚፈሰውን የሰሜን ምድር ወገብ ጅረት የተከተለ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ በቀረበ ቁጥር በሙያው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መሣሪያው እስከ መጨረሻው ከዓሣው ጋር መሆኑ በምን እንደታወቀ ነው፤ እርስዎም ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት አለብዎት።

መስመሩን የት እንደሚቆርጡ ሲወስኑ ይጠንቀቁ። የተበጠሰ ተንሳፋፊ ወዲያው ወደ ላይ ወጥቶ መናገር ስለሚጀምር፣ የአስተላለፉ ቁጥር በዝምታው ጊዜ ካልጨመረ፣ ከዝምታው በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ጥሩ መገኛ ዓሣው በዚያን ሰዓት ለነበረበት ቦታ የቀረበ ማስረጃ ነው። እኔ ብሆን ያንን ነጥብ «የመለያያ ቦታ» ብዬ ለብቻው መዝግቤ፣ ከእርሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ ከዓሣው መስመር አወጣቸዋለሁ። በስሌቱ ጠባይ እያንዳንዱ መገኛ ከሳተላይቱ ጎዳና በወዲያኛው ወገን መንትያ ስላለው፣ ያ ነጥብ ከቀጣዮቹ ጋር የሚስማማ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ባትሪው ሳያልቅ ደግሞ ሄደው ያንሡት። የቅርብ ሰዓት ደረጃ 3 መገኛዎችን ይዘው፣ የመንሳፈፉን ፍጥነት አስልተው ወደፊት ወደሚደርስበት ቦታ ይሂዱ፤ 401.65 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሰማ አቅጣጫ ጠቋሚ መቀበያ ካለዎት የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ያቀልልዎታል። ሲያገኙት ከማጽዳትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱት፤ የገመዱ ጫፍ የሆነውን ሁሉ ይነግርዎታልና። ገመዱን ከዓሣው ቆዳ ጋር የሚያያይዘው መውጊያ አብሮ ከመጣ ከዓሣው ቆዳ ተነቅሏል፣ የጠለቀበትም ልክ አልበቃም። ገመዱ በንጹሕ ከተቆረጠ የሰው ስለት ወይም የመርከብ ማሽከርከሪያ ነክቶታል። መጋጠሚያው ላይ ዝገት በልቶት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኛ የአሳሪዎቹ ነው፤ የማይዝግ ብረት ሽቦን በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ቱቦ ቆንጥጦ ጨው ውኃ ውስጥ መክተት ሁለቱን ብረቶች እንደ ባትሪ ያሠራቸውና ደካማው ይበላል።

ለሚቀጥለው መሣሪያ በመስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ብረት ይጠቀሙ፣ ገመዱ እንዳይጠማዘዝም ተሽከርካሪ ማያያዣ ያስገቡ። አልጌና ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረታት ሲጣበቁበት ተንሳፋፊው ይከብዳል፣ ገመዱን የሚስበውም ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ መጣበቅን የሚከለክለውን ቀለም በአካሉ ላይ በደንብ ይቀቡት። ነገር ግን መሣሪያው ከውኃ መውጣቱን የሚያውቅባቸውን ሁለት የብረት ነጥቦች፣ አንቴናውንና ዳሳሾቹን ቀለሙ እንዳይነካቸው አስቀድመው በፕላስተር ይሸፍኑ። ከዓመታት በፊት እኔ ያዘጋጀሁት አንድ መሣሪያ በእነዚያ ነጥቦች ላይ በቀረ ስስ የመዳብ ቀለም ምክንያት ውኃ ውስጥ ያለ እየመሰለው ጨርሶ ሳይናገር ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ፕላስተሩን ከላጥኩ በኋላ ነጥቦቹን በጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ እየነከርኩና እያወጣሁ ሳልፈትን መሣሪያ ከእጄ አይወጣም።