ኦንታሪዮ ውስጥ መኪና ለምትነዱ፦ የኢንሹራንስ ጥያቄና መልስ

ቶሮንቶ ውስጥ የኢንሹራንስ ብሮከር ነኝ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ያገኘኝና ይጠይቀኛል። ይሄ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ሰዎቻችን ከከፈሉ በኋላ መጠየቃቸው ነው። ሰሞኑን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ውስጥ የሚደጋገሙትን መርጬ እመልሳለሁ። የምጽፈው ስለ ኦንታሪዮ ብቻ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ማኒቶባና ሳስካችዋን ያላችሁ መሠረታዊውን ኢንሹራንስ የምትገዙት ከመንግሥት ድርጅት ስለሆነ ነገሩ ይለያል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። እዚህ ግን እንደ ትናንት ጀማሪ ቆጥረው የማይቀመስ ዋጋ ነገሩኝ። ልምዴ የት ገባ?

ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንዱ የመንጃ ፈቃዱ ነው። ኢትዮጵያና ኦንታሪዮ መንጃ ፈቃድ የመለዋወጥ ስምምነት የላቸውም፤ ስለዚህ መፈተን አይቀርም። ልምድህ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም። ያለ ማረጋገጫ ደብዳቤ ቢበዛ የ12 ወር ልምድ ይያዝልሃል። መንጃ ፈቃዱን ከሰጠህ መሥሪያ ቤት ወይም ከኤምባሲው ደብዳቤ ካመጣህና ልምድህ ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ፣ የጽሑፉን ፈተና አልፈህ በቀጥታ ለሙሉው ጂ መንጃ ፈቃድ መፈተን ትችላለህ።

ሌላው ኢንሹራንሱ ነው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሚቆጥሩት የካናዳንና የአሜሪካን ልምድ ነው። የሌላ አገርን የሚቀበሉ አንዳንድ አሉና አንድ ኩባንያ ብቻ ጠይቀህ ተስፋ አትቁረጥ። ከሙሉው ጂ በፊት የሚሰጠውን ጂ ቱ ይዘህ የሚጠሩልህና ጂ ይዘህ የሚጠሩልህ ዋጋ በጣም ይራራቃል። አገር ቤት ዘመድ ካለህ ዛሬውኑ ደውልና ደብዳቤውን አስጨርስ።

ጥያቄ፦ የላኩልኝ ወረቀት ላይ መስመሩ ብዙ ነው። ግዴታው የቱ ነው? የቱን ብተው ይቀንስልኛል?

ወረቀቱን ያዢና አብረን እንውረድ። መጀመሪያ የምታገኚው ላያቢሊቲ ነው። ይሄ አንቺ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሺው ጉዳት የሚከፈል ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹ 200,000 ዶላር ነው። በዚህ ዘመን አይበቃም። አብዛኛው ሰው 1 ሚሊዮን ወይም 2 ሚሊዮን ይይዛል፤ ከ1 ወደ 2 ለመውጣት የሚጨመረው ደግሞ ያን ያህል አይደለም። እኔ ለእናቴም የምመክራት 2 ሚሊዮኑን ነው።

ቀጥሎ ያለው አክሲደንት ቤኔፊት ነው። ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን፣ አንቺ ስትጎጂ የሚያሳክምሽ ይሄ ነው። መደበኛው ጣሪያ ለቀላል ጉዳት 3,500፣ ከዚያ ከፍ ላለ ጉዳት 65,000፣ እጅግ ከባድ ለሆነ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ወይም ገጭቶ ያመለጠ ሰው ቢጎዳሽ የሚከፍለው አለ። እነዚህ ሦስቱ ግዴታ ናቸው።

አሁን ተጠንቀቂ። ጥፋቱ ያንቺ ካልሆነ መኪናሽን የራስሽ ኩባንያ የሚያሠራበት መስመር አለ፤ ዲሲፒዲ ይሉታል። ድሮ ግዴታ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ መተው ይቻላል። አትተዪው! ከተውሽው ሌላው ሰው ቀይ መብራት ጥሶ ቢገጭሽ እንኳ ለመኪናሽ ጉዳት ከማንም አታገኚም፤ ከሰሽም አታስከፍዪም።

ኮሊዥንና ኮምፕርሄንሲቭ የምርጫ ናቸው። ኮሊዥን ጥፋቱ ያንቺ ሲሆን መኪናሽን ያሠራል፤ ኮምፕርሄንሲቭ ስርቆትን፣ እሳትን፣ የበረዶ ድንጋይን፣ የመስታወት ስብራትን ይይዛል። መኪናው የባንክ ዕዳ ወይም ሊዝ ካለበት አበዳሪው ሁለቱንም ያስገድድሻል። ዕዳ የሌለው አሮጌ መኪና ከሆነ ግን አስቢበት። 3,000 ዶላር ለሚያወጣ መኪና ኮሊዥን እየከፈልሽ፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያውን 1,000 ዶላር ከኪስሽ የምታወጪ ከሆነ ሒሳቡ አይመጣም። ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ጋ ነው፤ ላያቢሊቲው ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ የ2026ቱ ለውጥ ምንድን ነው? ይቀንሳል ይላሉ።

ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአክሲደንት ቤኔፊት ውስጥ ግዴታ ሆነው የሚቀሩት ሕክምና፣ ማገገሚያና አስታማሚ ናቸው። ከሥራ ስትቀሩ የሚከፈለው የደመወዝ ምትክ፣ የቀብር ወጪና ሌሎችም በምርጫ ይሆናሉ። የደመወዝ ምትኩ በመደበኛው 70 በመቶ ሆኖ በሳምንት ከ400 ዶላር አይበልጥም። ትንሽ ነው። ቢሆንም የሕመም ፈቃድ ክፍያ የሌለው መጋዘን ወይም ጽዳት የሚሠራ ሰው ይሄንን እንዲተው አልመክርም። የመሥሪያ ቤት ጥሩ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሊያስብበት ይችላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ብራምፕተን ነው። የወንድሜ ልጅ ኪንግስተን ስላለ በሱ አድራሻ ብናወጣው በግማሽ ይቀንሳል አሉኝ። ችግር አለው?

ጋሼ፣ ችግር አለው። ብራምፕተን ዋጋው የሚያስለቅስ መሆኑን አውቃለሁ። በፖስታል ኮድ ዋጋ መለየት ለኛ ሰፈሮች ፍትሐዊ ነው ብዬም አላምንም። ነገር ግን የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። አደጋ ሲደርስ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው መኪናው የት እንደሚያድር ነው። ውሸቱ ከተገኘ ለመኪናዎ አይከፍሉም። የተጎዳ ሰው ካለ ኩባንያው እስከ 200,000 ዶላር ከፍሎ ያንን ከእርስዎ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ «የውሸት መረጃ ሰጥቶ የተሰረዘ» የሚል ታሪክ ይከተልዎታል። ያኔ የሚቀበልዎት አደገኛ ለሚባሉ ነጂዎች የተዘጋጀው ገበያ ብቻ ይሆንና ዛሬ የሚያማርሩበት ዋጋ ይናፍቅዎታል።

ጥያቄ፦ በዋትሳፕ አንድ ሀበሻ በወር 120 ዶላር አወጣልሃለሁ፣ በኢ-ትራንስፈር ላክ አለኝ። ሮዙን የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ወረቀትም ልኮልኛል።

እንዳትልክ። ፈቃድ ያለው ብሮከር ሁሉ በኦንታሪዮ የብሮከሮች ተቆጣጣሪ በሪቦ መዝገብ ላይ ስሙ አለ፤ ድረ ገጹ ላይ መፈለግ ይቻላል። ሌላው ማጣሪያ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የኩባንያ ስም ያዝና ስልካቸውን ከራሳቸው ድረ ገጽ አውጥተህ ደውል፤ የውል ቁጥሩን ንገራቸው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ የተፈበረከ ነው። ወይም በእውነት ገዝተው፣ ኮፒውን ለአንተ ሰጥተው በሳምንቱ ያሰርዙታል። ፖሊስ ሲያቆምህ ኢንሹራንስ እንደሌለው ሰው ነው የምትቆጠረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 25,000 ዶላር ነው፤ መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል። የአገር ልጅ መሆኑን አትይለት።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ መኪናዬን ተውሶ ገጨ። በማን ላይ ይቆጠራል?

በአንቺ። ኢንሹራንስ የሚከተለው መኪናውን ነው። የክፍያ ጥያቄው (ክሌሙ) በውልሽ ላይ ይመዘገባል፣ ሲታደስም ዋጋሽ ሊጨምር ይችላል። አንድ ቤት የሚኖር መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ለኩባንያው መነገር አለበት፤ ያከራየሽው ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ቁልፉን የሚያነሳ ከሆነ እሱም ጭምር።

ጥያቄ፦ በረዶ አንሸራቶኝ የፊተኛውን መኪና ከኋላ ነካሁት። በረዶው እንጂ እኔ አላጠፋሁም።

የኦንታሪዮ የጥፋተኝነት ደንብ የአየሩንና የመንገዱን ሁኔታ ከግምት አያስገባም። ከኋላ የገጨ 100 በመቶ ጥፋተኛ ነው። ለኩባንያህ በ7 ቀን ውስጥ አሳውቅ። የተጎዳ ሰው ካለ ወይም የመኪኖቹ ጉዳት አንድ ላይ ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ ለፖሊስም ሪፖርት ይደረጋል። የክረምት ጎማ ግጠምና ንገራቸው፤ ከ2016 ጀምሮ ሁሉም ኩባንያዎች ቅናሽ መስጠት አለባቸው። ብዙ ጊዜ እስከ 5 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ ኡበር ልጀምር ነው። ለኢንሹራንሴ ካልነገርኩ ያውቃሉ?

ያውቃሉ፤ የሚያውቁትም በከፋው ሰዓት፣ ክሌም ስታቀርብ ነው። መደበኛው ውል እያስከፈሉ ሰው ማጓጓዝን አይሸፍንም። ኡበር ራሱ አፑ ሲከፈት የሚሠራ ኢንሹራንስ አለው፤ አፑ ሲዘጋ ግን ያለህ የራስህ ብቻ ነው። ሳትነግራቸው ከሠራህ እሱንም ልታጣው ትችላለህ። ምግብ ማድረስም መነገር አለበት።

አጫጭሮቹን ባንድ ላይ ልመልስ። ቀይ መኪና አይወደድም፤ ቀለም አይጠየቅም። ክሬዲት ስኮር ኦንታሪዮ ውስጥ ለመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ መጠቀም ክልክል ነው። የፓርኪንግ ቅጣት አይቆጠርም፤ የፍጥነትና የስልክ ቅጣት ግን ለ3 ዓመት ያህል ይታያል። ወርሃዊ ክፍያ የሚያልፍባችሁ ከመሰላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ባለመክፈል መሰረዝ ከአንድ ቅጣት በላይ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ 401 አውራ ጎዳና ላይ ተጋጭተን ሳንጠራው የመጣ ቶው ትራክ መኪናዬን ልጎትት አለ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ አንቺ ከመኪናው መንገድ ራቂ። ከዚያ ሰውየውን የምስክር ወረቀቱን ጠይቂው፤ ከ2024 ጀምሮ ጎታች ሁሉ የክፍለ ሀገሩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። 401 ላይ የተመደበለት ድርጅት ብቻ የሚጎትትባቸው ክፍሎችም ስላሉ ቦታው ላይ ያለውን ፖሊስ ጠይቂ። ከዚያ ውጭ ማን እንደሚጎትትና የት እንደሚወስደው የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ዋጋና መድረሻ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ። «ጋራዥ አውቅልሻለሁ፣ ጠበቃም አለኝ» ካለሽ እምቢ በይና ለኢንሹራንስሽ ደውዪ፤ 24 ሰዓት የሚሠራው ቁጥር ሮዙ ወረቀት ላይ ወይም አፑ ውስጥ አለ።