ነጭ አይጥ እንስሳ ናት ወይስ አይደለችም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ እንስሳትን ለምርምር ስለመጠቀም የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፋርማኮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በአካባቢያችን ሰዎች ለወባ የሚጠጡት አንድ ቅጠል በእርግጥ ያድን እንደሆነ በነጭ አይጦች ላይ መፈተን ነው። ሠላሳ አይጦችን በወባ ተሕዋስ አስይዤ ለከፊሎቹ የቅጠሉን ጭማቂ እሰጣለሁ፤ ሌሎቹ አያገኙም፤ ከዚያም እያንዳንዷ አይጥ በስንተኛው ቀን እንደሞተች እመዘግባለሁ። ይህንን ለአያቴ ብነግራቸው «ፍጥረት እያሠቃየሽ ፈውስ ልታገኚ?» ብለው አዘኑብኝ። የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር በግ በሚታረድበት አገር ለአይጥ ማዘን ቅንጦት ነው ይሉኛል። ትክክሉ የማን ነው? የሚያስገድደኝ ደንብስ አለ? (ስሜ ይቆይልኝ)

መልስ፦ ከጓደኞችዎ ልጀምር። የበጉ ነገር ሲሰሙት ያሳምናል፤ ነገር ግን አራጁ ራሱ የማይቀበለው ክርክር ነው። ደህና አራጅ በደነዘ ቢላዋ አያርድም፤ በሙስሊሞች ዘንድ ቢላዋውን በእንስሳው ፊት መሳል የሚነቀፍ ነው፤ በግ አስሮ የሚያሠቃይ ሰው ቢገኝም ጎረቤት ዝም ብሎ አያየውም። መግደል ተፈቀደ ማለት ማሠቃየትም ተፈቀደ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የቤተ ሙከራው ነገር ከዚህ የሚከብደው ሥቃዩ ለቀናት ስለሚዘልቅና በሽታውንም ያመጣነው እኛው ስለሆንን ነው። በዚያ ላይ በጉ ቢያንስ ይበላል። አይጧ የምትሞተው ለአንድ መረጃ ብቻ ነው፤ መረጃው የማይታመን ሆኖ ከተገኘ ከሞቷ የሚተርፍ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ በእኔ አመለካከት በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተመራማሪው ርኅራኄ ሳይሆን የሙከራው ጥራት ነው፤ በግዴለሽነት የታቀደ ሙከራ፣ አይጦቹ በጥጥ ላይ ተኝተው ቢያድሩም እንኳ፣ በደል ነው።

አያትዎን በተመለከተ፣ እንስሳ ሳይነካ የተገኘ ፈውስ ብቻ ቢፈቀድ ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1937 አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ አዘጋጅቶ ለገበያ አቀረበ፤ ለማሟሟት የተጠቀመበት ዳይኢትሊን ግላይኮል ግን መርዝ ነበር። ኩባንያው ጣዕሙን፣ ሽታውንና መልኩን አስፈትሿል፤ መርዛማነቱን ግን በአንዲት ጥንቸል ላይ እንኳ አልሞከረም። ከ100 በላይ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት፣ አለቁ። የዚያ ዘመን ሕግ ያልተፈተነ መድኃኒት መሸጥን ስለማይከለክል መንግሥት ኩባንያውን መክሰስ የቻለው በስያሜ ስሕተት ብቻ ነው፤ «ኤሊክሰር» የሚባለው አልኮል ያለበት መድኃኒት ሆኖ ሳለ በዚህኛው ውስጥ አልኮል ስላልነበረ! በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ አምራቾች የመድኃኒታቸውን ደኅንነት አስቀድመው እንዲያሳዩ አስገደደ፤ የእንስሳት ሙከራም በዚሁ ምክንያት የመድኃኒት ሥራ መደበኛ ክፍል ሆነ።

ይሁን እንጂ አያትዎ ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ እንስሳ የነገረን ሁሉ ለሰው አይሠራምና። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲ.ጂ.ኤን. 1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት የተወጉ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች በሰዓታት ውስጥ የአካል ክፍሎቻቸው መሥራት እያቃታቸው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። የተሰጣቸው መጠን ጦጣዎች ያለ ጉዳት ከቻሉት 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል፤ የሆነው ሆኖ የጦጣዎቹና የሰዎቹ የመከላከያ ሕዋሳት ለመድኃኒቱ የሰጡት ምላሽ አንድ አልነበረም።

አሁን ወደ ሠላሳዎቹ አይጦችዎ እንምጣ። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች በ1959 ያወጧቸው ሦስት ግዴታዎች እስከ ዛሬ የየአገሩ ሕግ መሠረት ናቸው፤ በሌላ መንገድ ማወቅ ከተቻለ እንስሳውን መተካት፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ የቀሩትንም ሥቃይ ማቅለል። የእርስዎ ሥራ በይበልጥ የሚፈተነው በሦስተኛው ነው። የምትጠቀሙበት ፕላዝሞዲየም በርጌይ ከኮንጎ የዱር አይጦች የተገኘ፣ ሰውን የማይዝ የወባ ዓይነት ሲሆን ያልታከመች አይጥን ደሟን ጨርሶ ይገድላታል። በተለመደው የአራት ቀን ፈተና ግን ጭማቂው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው አይጧ ስትሞት ሳይሆን፣ በአምስተኛው ቀን ከጅራቷ ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ በጊምዛ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር ነው። ዋናው መልስ በዚያ ቀን እጅዎ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሞትን መጠበቅ የሚጨምረው ነገር ቢኖርም፣ እንስሳዋ ጸጉሯ ቆሞ፣ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ሰውነቷ እየቀዘቀዘ በሳጥኑ ጥግ የምታሳልፋቸውን ሰዓታት የሚያካክስ አይመስለኝም። የሰውነት ሙቀቷና ክብደቷ ከተወሰነ ልክ ሲወርዱ «ሞታለች» ብሎ መዝግቦ ያለ ሥቃይ ማሳረፍ የታወቀ አሠራር ነው። ልኩን ከአማካሪዎና ከእንስሳት ሐኪም ጋር አስቀድመው ወስነው ፕሮቶኮሉ (የሙከራው የጽሑፍ ዕቅድ) ላይ ያስፍሩት፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚወሰን ልክ ግን ለእንስሳዋም ለመረጃውም አይበጅም።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። አይጥ መቀነስ ሁልጊዜ ደግነት አይደለም፤ በየምድቡ ሁለት ሁለት አይጥ ብቻ አድርገው ውጤቱ ሳይታወቅ ቢቀር ሁሉም በከንቱ ሞቱ ማለት ነው። ይልቅስ አይጦቹ በየምድባቸው የሚገቡት በዕጣ ይሁን፤ ደሙን በማይክሮስኮፕ የሚቆጥረውም ሰው የትኛዋ አይጥ ምን እንደተሰጣት አይወቅ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ በርካታ ጥናቶች የሚወድቁት ግን እዚሁ ላይ ነው። የጭማቂውን መርዛማነት ሲፈትኑም ግማሾቹ እስኪሞቱ ድረስ ብዙ እንስሳትን የሚፈጀውን የድሮውን ዘዴ የሚጠይቅዎት የለም፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦ.ኢ.ሲ.ዲ.) መመሪያውን በ2002 ሰርዞታል። እርሱን ከተኩት ዘዴዎች በአንዱ አንዲት አይጥ ተሰጥቷት ውጤቷ ከታየ በኋላ ወደ ሁለተኛዋ ይታለፋል፤ በሰውነት ክብደት ለኪሎ 2,000 ሚሊግራም የመጨረሻው መጠን የሚፈተነውም ቢበዛ በአምስት እንስሳት ነው።

እጅዎንም ያስቡበት። አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ማንሳት የየቤተ ሙከራው ልማድ ነው። በ2010 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ግን በጅራታቸው የሚነሡ አይጦች ሰውን እንደሚፈሩ፣ በቱቦ ውስጥ ገብተው ወይም በእፍኝ ታቅፈው የሚነሡት ግን እንደሚረጋጉ አሳይቷል። የፈራች አይጥ የሆርሞን መጠኗም ጠባይዋም ይለወጣል፤ ስለዚህ ቁጥርዎም ይዛባል። ቱቦው ከወፍራም ካርቶን ሊሠራ ይችላል።

የሚያስገድድ ደንብ መኖሩን ጠይቀዋል። የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ ያስቀጣል፤ በየዕለቱ ሥራዎ የሚገዛዎ ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጸደቀው ፕሮቶኮል ነው። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ «እንስሳቱ በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ተይዘዋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትገኛለች፤ ብዙ ጊዜም ከእርሷ ሌላ የለም። እርስዎ ስንት አይጥ፣ ለምን፣ እንዴት እንደተያዘችና በምን እንደሞተች በዝርዝር ቢጽፉ ከእርስዎ በኋላ ያንኑ ቅጠል የሚያጠና ሰው ሌላ ሠላሳ አይጥ ላያስፈልገው ይችላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም የእንስሳት ተንከባካቢ ሆኜ እሠራለሁ። ሥልጠና ላይ አስተማሪዋ በአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ መሠረት የቤተ ሙከራ አይጥ «እንስሳ» እንዳልሆነች ስትነግረን ቀልድ መስሎኝ ነበር። እኔ ሙሉ ቀን የማጸዳው የአይጥ ሳጥን ነው። ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ አስተማሪዋ አልቀለደችም። ነገሩ የመጣው ሕጉ ከተወለደበት መንገድ ነው። በ1965 ፔፐር የተባለች የአንድ ቤተሰብ ውሻ ከፔንሲልቫንያ ጠፍታ፣ በውሻ ነጋዴዎች እጅ አልፋ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሙከራ ላይ ሞተች። በዓመቱ አንድ ታዋቂ መጽሔት የውሻ ነጋዴዎችን ግቢ በፎቶግራፍ ሲያጋልጥ ምክር ቤቱን የደብዳቤ ጎርፍ አጥለቀለቀው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም በነሐሴ 1966 ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ የተነሣው እንግዲህ ከውሻ ሌባ ነው፤ ለአይጥ የሚያለቅስ ባለቤት ደግሞ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ አይጦች በአፈጻጸም ደንብ ብቻ ተገለው ቆይተው፣ ተሟጋቾች በፍርድ ቤት ሲታገሉ ምክር ቤቱ በ2002 ለምርምር የሚራቡ አይጦችን፣ አይጠ መጎጦችንና ወፎችን ከ«እንስሳ» ትርጉም በሕግ አወጣቸው። ሐምስተር የምትባለው የአይጥ ዘመድ ግን በሕጉ ውስጥ ቀርታለች። የሁለቱን ሥቃይ የሚለይ አንድም የሳይንስ ምክንያት የለም፤ ለምርምር ከሚውሉት እንስሳት መካከል እጅግ የሚበዙት አይጦች ስለሆኑ ቁጥጥሩ ይከብዳል፣ ወጪው ይበዛል የሚለው ነው ምክንያቱ። የአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት ሁሉ፣ አልፎ ተርፎም ኦክቶፐስን ሲያካትት አልከበደውም።

ይህ ማለት ግን የሚያጸዱት ሳጥን ያለ ሕግ ነው ማለት አይደለም። ተቋምዎ ከፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የምርምር ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ የዚያ መሥሪያ ቤት መመሪያ አይጥንም ይሸፍናል፤ ሙከራው ሁሉ የእንስሳት ሐኪምና ከተቋሙ ውጭ የመጣ ሰው በሚገኙበት ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። ከሁሉ ቀድመው አይጦቹን በየጠዋቱ የሚያዩት ግን እንደ እርስዎ ያሉ ተንከባካቢዎች ናቸው። አይጥ ሲያማት ዓይኗን ታጠባለች፣ ጉንጯ ያብጣል፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ የካናዳ ተመራማሪዎች ይህን በ2010 በመለኪያ አስቀምጠውታል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ካልተሰማዎ ለኮሚቴው ያመልክቱ።

በ2022 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ ሕግ የእንስሳት ሙከራን ከልክሏል የሚል ወሬም ይሰማል። አልከለከለም፤ በመጀመሪያው መልስ ያነሣነውን የ1938ቱን ሕግ በማሻሻል የመድኃኒት አምራቾች ከእንስሳ ሌላ በሰው ሕዋሳትና በኮምፒውተር ሞዴል የተገኘ ማስረጃ ማቅረብ እንዲችሉ ነው ያደረገው።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ውሻ ነክሶኝ እምብርቴ ዙሪያ በየቀኑ መርፌ እየተወጋሁ ሁለት ሳምንት አሳልፌአለሁ። መድኃኒቱ ከበግ አንጎል የሚሠራ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? ዛሬስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተር በ1885 የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያዘጋጀው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር ነበር። አገራችን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት የኖረው የፌርሚ ዓይነት ክትባትም ቫይረሱ በበግ አንጎል ውስጥ ከተራባ በኋላ አንጎሉ ተፈጭቶ፣ ቫይረሱም ፊኖል በተባለ ኬሚካል ተገድሎ የሚዘጋጅ ነው። መርፌው የበዛው ክትባቱ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ከዚያም አልፎ በውስጡ የቀረው የአንጎል ክፍል አንዳንድ ሰዎችን ለሽባነት ይዳርግ ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ሲወተውት ኖሯል።

አሁን በስፋት ከሚሰጡት አንዱ የሚመረተው ቬሮ በተባሉ ሕዋሳት ላይ ነው። ሕዋሳቱ በ1962 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት የአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ በብልቃጥ የሚራቡ ናቸው፤ አንዲት ጦጣ ስንት በግ እንዳተረፈች ማን ይቆጥራል! ነገሩ ግን ገና አላለቀም፤ ክትባቱ ኃይል እንዳለው የሚለካበት የቆየው ፈተና የተከተቡ አይጦችን አንጎላቸው ውስጥ ቫይረስ ወግቶ ስንቱ እንደሚተርፍ መቁጠር ነው፤ ከሙከራዎች ሁሉ እጅግ ከሚያሠቃዩት ይመደባል። በክትባቱ ውስጥ ያለውን የቫይረስ ፕሮቲን በቀጥታ የሚለካ የቤተ ሙከራ ምርመራ ይህንን ፈተና በመተካት ላይ ነው።

ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በልጅነትዎ የወሰዱት የአንጎል ክትባት እንደ በቂ አይቆጠርም። ዳግመኛ ውሻ ቢነክስዎ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡት፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ ሄደው ከዚህ በፊት እንዳልተከተበ ሰው ሙሉውን ክትባት ይጀምሩ፤ ለሐኪሙም የድሮው መርፌ የትኛው እንደነበር ይንገሩት።