መርጡለ ማርያም፦ የማን ግንብ ነው?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የመርጡለ ማርያምን ፍርስራሽ ልናይ አስበናል። አንዱ የእቴጌ እሌኒ ነው ይላል፣ ሌላው የፈረንጅ ግንብ። ማን ልክ ነው? ምንስ እንይ? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ግንብ ስለተባለ ግን ቤተ መንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። መጀመሪያ ያሠሩት እ.ኤ.አ. በ1522 ያረፉት እቴጌ እሌኒ ናቸው። በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ፈረንጆች እዚያው ላይ እንደገና ሠሩት።

ቀረብ ብላችሁ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ እዩ፤ ነጣ ያለው ኖራ ነው። ኖራ በአገራችን ግንባታ የተስፋፋው በሱስንዮስ ጊዜ ነው። የተፈለፈለው የአበባ ጌጥ የሚጎላው ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዝርግ ይመስላል፣ ፎቶውም አያምርም።

ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ አትደገፉትም። ጣሪያ ስለሌለው ዝናቡ ከላይ እየገባ ኖራውን ያጥበዋል፤ የዛፍ ሥር ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል። በተለይ ክረምት እንደወጣ ድንጋይ ሊላቀቅ ይችላል።

ቦታው የደብር ግቢ ስለሆነ መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ፤ ነጠላም አትርሱ። ወር በገባ በ21 ሕዝቡ ስለሚበዛ፣ ለመሳለም ካልሆነ ሌላ ቀን ይሻላችኋል።